ኤንትሬና ባለ ክንፉ ፈረስ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ አልፎ፣ ሎጊያን ተሻግሮ ሰመራ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ዛሬ የጅቡቲ መንገድ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. እስኪፈነዳ ድረስ ግን በዚህ በረሃ የሚያልፈው ጭነት ዋና ወደቡ አሰብ ነበር። የዚያ ዘመን መኪና ሲነሣ የሹፌሩም የመካኒኩም አፍ የሚቀድመው ኤንትሬ ላይ ነው። ፊያት 682 የተባለውን የጭነት መኪና ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ ኤንትሬም ከዚያው ዝርያ የወጣ ነው። አንድ ሰው ይህን መኪና በ1 ለ24 መጠን አሳንሶ በሞዴልነት ሊሠራው ቢነሣ፣ መሣሪያ ሳያነሣ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይጠብቀዋል። ከፋብሪካው እንደወጣ ይሥራው? ወይስ በዚህ ቆላ እንደኖረ፣ ካሶኒው በአገር ውስጥ ጋራዥ ተሠርቶለት፣ ባሌስትራው ተደርቦለት፣ የውሃ ጀሪካን ከጎኑ ተንጠልጥሎ፣ በግንባሩ የቅዱስ ስም ወይም ‹ማሻአላህ› ተጽፎበት? ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል። እኔ ግን የእውነት ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ለአንድ ነገር ታማኝ መሆን ምን ማለት ነው የሚለውን የቆየ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ይነካልና። ምስክር ያለው ትንሽ ለውጥ ሞዴሉን ወደ እውነት ያቀርበዋል፤ ምስክር የሌለው ለውጥ የቱንም ያህል ቢያምር ሐሰት ነው።

ምንም ያልተለወጠ ቅጂ ሊኖር ይችላል የሚለው እምነት አስቀድሞ ይወገድ። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ በ1 ለ24 ሲሰላ 0.04 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በዚያ ስስነት የመኪና በር ሠርቶ ማቆም ዘበት ስለሆነ ሠሪው ሁሉ በሩን ከልኩ በላይ ያወፍረዋል። ክብደት ደግሞ ከርዝመት እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ይቀንሳል፤ 8 ቶን የሚመዝን መኪና በዚህ መጠን 600 ግራም እንኳ አይሞላም። ባሌስትራው በትክክል ተመጥኖ ቢሠራ ጭነት እንዳልነካው ጎብጦ ይቀራል፤ የተጫነ መኪና እንዲመስል ሠሪው ራሱ አስቦ ሊዘረጋው ግድ ነው። ቀለምም በትንሽ ገላ ላይ የጠቆረ ይመስላል፤ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ጥቂት ነጭ ቀላቅለው ያፈኩታል። ፕላቶ ‹ሶፊስት› በተባለው ድርሳኑ ይህንኑ ችግር በግዙፍ ሐውልቶች ላይ አይቶታል። ቀራጩ የላይኛውን ክፍል ከልኩ ካላተለቀው ከታች ለሚያየው ያነሰ ይመስላል፤ ስለዚህ እውነተኛውን ልክ ትቶ ለዓይን የሚስማማውን ይሰጣል። ፕላቶ ይህን ሥራ ከትክክለኛው ቅጂ ለይቶ ከማስመሰል ጎራ ይመድበዋል። አደጋውን በትክክል አይቷል፤ ፍርዱ ግን ጠንክሮብኛል። በሩን ያወፈረ ሠሪ ማንንም አላታለለም፤ ትንሽ ነገር ትልቁን እንዲናገር የሚከፈለውን ዋጋ ከፈለ እንጂ። እንግዲህ መለወጥ የማይቀር ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት የትኛው ለውጥ ምክንያት እንዳለው ነው።

የአፋር ሕዝብ ሙስሊም ነውና በአዋሽም ሆነ በሰመራ ጥያቄው በሌላ በርም ይመጣል፤ ለመሆኑ የነገርን ምስል መሥራት ይፈቀዳልን? ነፍስ ያለው ፍጡር ምስልን በተመለከተ በሐዲስ የተላለፈው ማስጠንቀቂያ ከባድ ነው። ሆኖም በምስል ሥራ ለሚተዳደር ሰው ኢብን ዐባስ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ እንደመከረው ቡኻሪ ዘግቧል፤ በዚህ መሠረት መኪና የሚያሳስብ አይደለም። ከዚህ ይልቅ የኛን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካው አቡ ዳውድ ያስተላለፈው የዓኢሻ ታሪክ ነው። ዓኢሻ ከአሻንጉሊቶቿ መካከል የጨርቅ ክንፍ የተደረገለት ፈረስ ነበራት። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በፈረሱ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ክንፍ ነው ስትላቸው፣ ፈረስ ደግሞ ክንፍ አለው ወይ ሲሉ ተገረሙ። እርሷም የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ብላ መለሰች፤ ነቢዩም ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ሊቃውንቱ በዚህ ሐዲስ የተለያየ ብያኔ ሰጥተዋል፤ ብዙዎች ፈቃዱን በሕፃናት መጫወቻ ይወስኑታል፤ ብያኔውን ለእነርሱ እተወዋለሁ። እኔን የሚይዘኝ የንግግሩ አካሄድ ነው። ፈረሱ ተለውጧል፤ በሜዳ የሚታይ ፈረስ ክንፍ የለውም። ለውጡ ሳይጠየቅ አልታለፈም፤ ጥያቄው ‹ለምን?› የሚል ነበር። ልጅቱም ስለሚያምር ነው አላለችም፤ የሰማችውን ታሪክ ጠቀሰች። ጭማሪው ከእርሷ ፈቃድ በላይ የሆነ ምንጭ ነበረው።

በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ፣ ከሚሌ ብዙ በማይርቀው ሐዳር፣ ሳይንስም ተመሳሳይ ሕግ ሲያከብር እናያለን። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ያገኟት ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የተገኘው ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ነው። በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ጎብኚ የሚያየው ቅጂዋን ነው፤ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ተቀምጧል። ቆማ የምትታየው ድንቅነሽ ግን ከቅጂም በላይ ናት፤ የጎደለው ተጨምሮባታል። የአንዱ ጎን አጥንት ከሌላው ጎን አንጻር ተገልብጦ፣ ሌላው ደግሞ ከዚያው ዝርያ ሌሎች ቅሪቶች ተወስዶ ተሟልቷል። ይህን ውሸት የሚለው የለም፤ ለእያንዳንዱ ጭማሪ ማስረጃ አለውና። በብዙ ሙዚየሞችም የተገኘው አጥንት ጠቆር፣ የተሟላው ነጣ ብሎ እንዲለይ ይደረጋል። ሐቀኛ ጭማሪ ራሱን አይደብቅም።

አንድ ተከራካሪ ግን መኪናን የነደፉት የፋብሪካው መሐንዲሶች ናቸው፤ የጋራዥ ጭማሪ የእነርሱን ሐሳብ ያበላሻል ሊል ይችላል። ለቤት አውቶሞቢል ክርክሩ ክብደት ይኖረዋል። የጭነት መኪና ግን ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣው ሻንሲና ጋቢና ብቻ ሆኖ ነው፤ ካሶኒውን ሌላ እጅ እንዲጨርሰው ከመነሻው ታስቧል። ኤንትሬን ከካታሎግ ብቻ የሚቀዳ ሰው እንግዲህ ገና ያላለቀ መኪና እየቀዳ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያስጨንቃል። ለውጥ አንዴ ከተፈቀደ ናፍቆት ገብቶ የሚወደውን ብቻ ይመርጣል፤ ያለፈው ዘመን ከነበረው በላይ ያምራል። እውነት ነው፤ አንጸባራቂ ቸርኬ አስገብቶ፣ ገላውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፣ ‹የአሰብ ኤንትሬ› ብሎ የሚያቀርብ ሰው ባለ ክንፉን ፈረስ ያለ ሱለይማን እየሠራ ነው። መድኃኒቱ ግን ወደ ካታሎጉ መመለስ አይደለም፤ ካታሎጉማ ከሁሉ የጸዳው ናፍቆት ነው፤ አቧራም፣ ሙቀትም፣ ሰውም የለበትም። ምስክሮቹን ማብዛት ይሻላል። ሹፌሩ መንገዱን ከጋቢና ሆኖ አየው፤ ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ሆኖ በዚያ ፀሐይ አየው፤ አፋሩ አርብቶ አደር ደግሞ ከውጭ፣ ከግመሎቹ ጎን ቆሞ መኪናው ሲያልፍ አየው። የግመል ሲራራ ሲሸከመው ለኖረው ጨው መኪና ሲመጣበት፣ የአሰብ ጨው ሲቋረጥም የአፍዴራ ጨው ገበያውን ሲሞላ፣ ከዚህ የተጠቀመም የተጎዳም ነበረ። ስለዚህ ሠሪው ‹ማሻአላህ› የሚለውን ጽሑፍ ከጻፈ የተጣመመውን ፓራውልትም ይጨምር፤ የተጠጋገነውን ሸራም አይተው። ምስክርን የሚሰማ ሰው የማያምረውንም ይሰማል።

ይህ ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው የሚልም አይጠፋም፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰው ባፈናቀለበት አካባቢ ስለ መጫወቻ መኪና መጨነቅ ምን ይሉታል? የተፈናቀለን መርዳት ከሁሉ ይቀድማል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን የተቸገረ አገር ትዝታ አያስፈልገውም ማለት ሁለተኛ ችግር መጨመር ነው። ለጥንት አጽሙ ዓለም የሚጓዝለት ሸለቆ፣ የአባቶቹ ዘመን መኪና ሳይመዘገብ ሊያልፍበት አይገባም።

ስለዚህ ሞዴል ለምትሠሩ፣ በተለይ በአዋሽ ጋራዦችና በሰመራ ዩኒቨርሲቲ ላላችሁ ወጣቶች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከሞዴሉ መቆሚያ ሥር የትኛው ክፍል የፋብሪካ፣ የትኛው የመንገዱ እንደሆነ ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጭማሪ ጎን ከማን እንደሰማችሁት አስፍሩ። በኤንትሬ አሰብ የወረዱት ሹፌሮችና ረዳቶች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቋቸው።