ሰጪውና ተቀባዩ በአንድ ክፍል ሲቀመጡ

ሽልማት እንዲገኝበት ታስቦ የሚሰጥ ስጦታ በውኑ ስጦታ ይባላልን? የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፤ ጥያቄው የቆየ ነው፤ ፈላስፎች ተከራክረውበታል፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ብዙ ጽፈውበታል። ዛሬ ግን ከልጆች ትምህርት ቤት አንሥተን እንመረምረዋለን። ከደጋው አገራችን ምእመናን ብዙዎች ወደ አሜሪካ ተሻግረው ልጆቻቸውን በዚያ ያስተምራሉ፤ በታኅሣሥ ወር ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ጥያቄም ይኸው ነውና።

አስቀድሞ ስለ ወራቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እኛ ክረምት ስንል የምናስበው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናብ ወራት ነው። በሰሜን አሜሪካ ክረምት የሚባለው ግን የበረዶው ወራት ስለ ሆነ፣ የክረምት ዕረፍታቸው የሚውለው በእኛ በጋ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሚኔሶታ ግዛት በዚያ ሰሞን የቀኑ ብርሃን 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በሚኒያፖሊስ ከተማ ፀሐይ የምትጠልቀው ገና ከቀኑ በ10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ተማሪው ማለዳ በጨለማ ቆሞ ቢጫውን አውቶቡስ ይጠብቃል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስም ሊመሽበት ይቃረባል። ትምህርት ቤቱ ሁለት ሳምንት ያህል ሊዘጋ ሲል፣ በዚህ ብርድና ጨለማ መካከል ልጆቹን የሚያሰባስብና የሚያስደስት ብዙ ነገር ይደረጋል።

እኔ የምናገረው በተለይ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ስላለው መካከለኛ ትምህርት ቤት ነው። ዊልያም አሌክሳንደር የተባለው የትምህርት ሊቅ በ1963 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፣ ለዚህ ዕድሜ የሚስማማ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ሊኖር ይገባል ብሎ አሳሰበ፤ ከዚያም ወዲህ አሠራሩ በአገሩ ተስፋፋ። የ12 ዓመት ልጅ ሕፃንም አይደለም፤ ጎልማሳም አይደለም። ቀድሞ እናቴ ምን ትለኝ ይሆን ሲል የነበረው ልጅ፣ አሁን ጓደኞቼ ምን ይሉኝ ይሆን ይላል። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናልና።

ዕረፍቱ ሲቃረብ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ምን ይደረጋል ቢባል፣ የሙዚቃ ጓዱና መዘምራኑ ወላጆች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ኮንሰርት ያሰማሉ። አንድ ቀን ሁሉም የሌሊት ልብሱን ለብሶ፣ አንድ ቀን ደግሞ ያማረ ሹራቡን ለብሶ እንዲመጣ ይታወጃል። መምህራንና ተማሪዎች በኳስ ይጋጠማሉ። ለተቸገሩ የሚሆን ካፖርት፣ ጓንትና የታሸገ ምግብም ይሰበሰባል።

ቀድሞ የልደት ዕረፍት ይባል የነበረውን ብዙዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዛሬ የክረምት ዕረፍት ይሉታል። የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1962 በትምህርት ቤት አዘጋጅነት የሚጸለየውን ጸሎት፣ በ1963 ደግሞ በትምህርት ቤት ለአምልኮ የሚደረገውን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ከልክሏል። መዝሙሩ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከሱ ፎልስ ከተማ በተነሣ ክርክር የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1980 በሰጠው ፍርድ፣ የልደት መዝሙር ለትምህርትና ለባህል ዕውቀት ሲባል በኮንሰርት ሊዘመር ይችላል። ስለዚህ የእስላሙ ልጅ፣ የአይሁዳዊው ልጅና የእኛ ልጅ በአንድ መድረክ ቆመው ስለ በረዶም ስለ ቤተ ልሔምም ሊዘምሩ ይችላሉ። አንዳንድ ወላጆች ትምህርት ቤቱ የበዓሉን ስም ባለመጥራቱ እጅግ ያዝናሉ። የልደትን ወንጌል ለልጅ መንገር ግን የወላጅና የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ እኔ ብሆን ትምህርት ቤቱን ከመክሰሴ በፊት በቤቴ መነገሩን እጠይቅ ነበር።

ወደ ታሸገው ምግብ እንመለስ። የምግብ ባንክ የሚባለው ድርጅት መጀመሪያ የተቋቋመው በ1967 በፊኒክስ ከተማ ሲሆን፣ ያቋቋመውም ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ሰው ነው። ዛሬ በየከተማው ምግብ እየተሰበሰበ ለችግረኛ የሚታደልበት ቤት አለ፤ በሚኔሶታ የምግብ መደርደሪያ ይሉታል። ትምህርት ቤቶችም ለዚህ ቤት ባቄላውን፣ ሾርባውን፣ በቆሎውን በየጣሳው ይሰበስባሉ። ልጆቹ እንዲተጉ በማሰብ ክፍሎቹን እርስ በርስ ያወዳድራሉ፤ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ይሰቀላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ጣሳ እንዳመጣ በየቀኑ ይጻፍበታል፤ አብልጦ ያመጣው ክፍልም ፒዛ ይጋበዛል። የጣሳው ብዛት ከተባለው ቁጥር ሲደርስ ርእሰ መምህሩ ክሬም የተቀባ ኬክ በፊቱ ላይ እንዲለጠፍበት የሚፈቅድበት ትምህርት ቤትም አለ። ይህን ለእኛ አገር ዳይሬክተር ማን ደፍሮ ይነግረዋል!

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ግልጽ ነው። ጌታችን በተራራው ስብከት ምጽዋት በስውር እንዲሆን፣ በፊቱም መለከት እንዳይነፋ አስተምሯል፤ የግድግዳው ሰንጠረዥ ከመለከት በምን ይለያል? የሥጋ ጥበብም ከዚህ ተቃውሞ ጋር ይስማማል። በ1973 በታተመ አንድ ጥናት እንደ ተገለጠው፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ሥዕል መሣል ከሚወዱት ልጆች መካከል፣ ብትሥሉ ሽልማት ታገኛላችሁ የተባሉት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽልማቱ ሲቀር ሥዕሉን ቸል አሉት፤ ሳይጠብቁት በድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። እንግዲህ በፒዛ የተለመደ ቸርነት ፒዛው ሲያልቅ አብሮ እንዳያልቅ ያሠጋል።

ዳሩ ግን ነገሩን በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም። አርስጣጣሊስ የተባለው የግሪክ ፈላስፋ፣ ሰው በገና በመደርደር በገና ደርዳሪ እንደሚሆን፣ ጽድቅንም በመሥራት ጻድቅ ይሆናል ብሎ አስተምሮ ነበር። ማርቲን ሉተር በ1517 በቪተንበርግ ባዘጋጀው የክርክር ጽሑፍ ይህን ትምህርት ተቃወመ፤ በእግዚአብሔር ፊት ነገሩ የተገላበጠ ነው፣ አስቀድሞ በጸጋ የጸደቀ ሰው ነው ጽድቅን የሚሠራ ሲል። የእኛ እምነት ከሉተር ጋር ነው። ይሁን እንጂ በ1530 የተጻፈው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ በ18ኛው አንቀጹ፣ ሰው በዚህ ዓለም ኑሮ በፈቃዱ ሊፈጽመው የሚችል የሕዝባዊ ኑሮ ጽድቅ እንዳለ አይክድም። ትምህርት ቤት የቆመው በዚህ ስፍራ ነው። ልብን መለወጥ አይችልም፤ እጅን ግን ማስለመድ ይችላል። እኛስ ሕፃኑን በሁለት እጁ እንዲቀበል የምናስተምረው አክብሮት ምን እንደ ሆነ ሳይገባው አይደለምን? እጁ ይቀድማል፤ ልቡ ይከተል ዘንድ እንጸልያለን። ስለዚህ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ስለ ፒዛ ብሎ ሾርባ ቢያመጣ፣ ሾርባው ለተራበው ደርሷል፤ በልጁ አሳብ ላይ እጅግ አንጨክን።

እንግዲህ የእኔ ጭንቀት ከሰጪው ልብ ይልቅ በሌላ ስፍራ ነው። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ ምግቡ የሚሰበሰብለት ልጅ ተቀምጧል።

እስቲ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። እናቷ ሌሊት ሌሊት የቢሮ ጽዳት ትሠራለች፤ የቤት ኪራዩ ከደመወዟ አብዛኛውን ይወስዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ምግብ መደርደሪያው ሄዳ የሳምንቱን ታመጣለች። ሰኞ ዕለት መምህሩ፣ ክፍላችን ከጎረቤቱ ክፍል በ4 ጣሳ ያንሳል፤ ያላመጣ ማነው? ይላል። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሊያበረታታ ነው። ጓደኞቿ ዞር ብለው ያዩአታል። ረሳሁ ትላለች። ማክሰኞም ረሳሁ ትላለች። ረቡዕ ከቤት ቁም ሣጥን አንድ ጣሳ በቆሎ አንሥታ በደብተሯ ሥር ደብቃ ትወስዳለች፤ ጣሳውም ከመደርደሪያው የመጣ ነውና ወደ መጣበት ይመለሳል። በዚያ ምሽት ራቱ በአንድ ጣሳ ጎደለ፤ በሰንጠረዡ ላይ ግን አንድ ቁጥር ጨመረ። ቸርነትን እንዲያስተምር የታሰበው ሥራ ለዚህች ልጅ ያስተማራት መዋሸትን፣ መስረቅንና በእናቷ ማፈርን ነው። ጓደኞቿም የተማሩት ድኻ ማለት በሌላ ሰፈር የሚኖር፣ መልኩ የማይታወቅ ሰው መሆኑን ነው፤ እርሷ ግን በአጠገባቸው ነበረች።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ነገር ምን ያህል እንደ ጠለቀ አስተውላችሁ ታውቃላችሁን? በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ የሚለምነውን ሰው የኔ ቢጤ እንለዋለን። ይኸውም እንደ እኔ ያለ፣ እኩያዬ ማለት ነው። ቃሉን የተናገረ ሁሉ እንደ ቃሉ ይኖራል ማለቴ አይደለም፤ ሳንቲሙን ወርውሮ ፊቱን ሳያይ የሚያልፍ ብዙ ነው። ቃሉ ግን ይመሰክርብናል። እድራችንም ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም፤ ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ ኀዘን የደረሰበትም ሁሉ ይቀበላል፤ ድንኳኑ በደጁ ሲተከልለት የሚያፍር የለም። በደቦም ዛሬ የታጨደለት ነገ ያጭዳል። በዚህ አሠራር ሰጪና ተቀባይ ሁለት ወገን ሆነው አይለያዩም። (ነገር ግን በእኛም አጥቢያዎች የለጋሹ ስምና የገንዘቡ ልክ በጉባኤ ፊት ሲነበብ፣ ምንም ያልሰጠችው መበለት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እንደምትሰማ ሽማግሌዎቻችን ያስቡበት። ሰንጠረዥ የሚሰቀለው በአሜሪካ ግድግዳ ላይ ብቻ አይደለም።)

አንድ ሰው፣ መበለቲቱ ሁለቱን ሳንቲሞች የጣለችው በሕዝብ ፊት አልነበረምን? ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፤ በመዝገቡ አንጻር ተቀምጦ የሚያየው ግን የእጇን ቁጥር ከቤቷ ጉድለት ጋር አብሮ የሚያውቅ ጌታ ነበር። የግድግዳው ሰንጠረዥ ይህን ዕውቀት የለውም፤ ከተትረፈረፈው የመጣውን 20 ጣሳ ከጉድለት ከመጣው ከአንዱ አስበልጦ ይጽፋል።

ይህ ዓይነቱ እፍረት በሕግ ሊቃለል እንደሚችል ሚኔሶታ ራሷ ምሳሌ ሆናለች። ከ1946 ጀምሮ ባለው በአገሩ የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ መሠረት፣ ነፃ ምሳ የሚያገኘው የቤተ ሰቡ ገቢ ዝቅተኛ መሆኑ በማመልከቻ ወይም በመዝገብ የተረጋገጠለት ልጅ ነው። ማን ከፍሎ፣ ማን በነፃ እንደሚበላ ልጆች ያውቁታል፤ ስለዚህም ምክንያት ምሳውን ትቶ መራብ የሚመርጥ ልጅ ይገኝ ነበር። በ2023 ግን ግዛቲቱ በትምህርት ቤቶቿ ለሚማሩ ልጆች ሁሉ ቁርስና ምሳ በነፃ እንዲሰጥ ሕግ አወጣች። የባለጠጋው ልጅ ለምን በመንግሥት ገንዘብ ይበላል? ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ ክርክራቸውም ፍሬ የሌለው አይደለም፤ ወጪው ብዙ ነውና። ነገር ግን ያ ትርፍ ወጪ ችግረኛው ልጅ ከሌሎቹ ሳይለይ ይበላ ዘንድ የተከፈለ ዋጋ ነው፤ በእኔ ሚዛን ውድ አይደለም።

ለጣሳው ግን ሕግ እንኳ አያስፈልግም። ሰንጠረዡን አንሥቶ ሣጥኑን በበሩ አጠገብ ማኖር ይቻላል፤ የፈለገ ሲገባ ይጥልበታል፤ ያልጣለውንም ማንም አይቆጥረውም። ግብዣ የግድ ካስፈለገ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ የሰበሰበው ይቆጠርና ሁሉም አብሮ ይጋበዝ። ደግሞም ጣሳውን መለየት፣ በካርቶን ማሸግ፣ በበረዶው ላይ ተሸክሞ እስከ መኪናው ማድረስ ሥራ ነው፤ ይህን ሥራ ባዶ እጁን የመጣ ልጅ ከሁሉ ይልቅ በደስታ ይሠራዋል። አምጡ በሚባልበት ስፍራ ኑና አግዙ ቢባል፣ ያቺ የ7ኛ ክፍል ልጅ ረሳሁ ማለት አያስፈልጋትም ነበር።

በዚያ ያሉ እናቶች ልጄ ጣሳ ይዛ ትሂድ ወይስ አትሂድ ብለው ቢጠይቁ፣ የምመልሰው እንዲህ ነው። በቤት ካለ ትውሰድ፤ ከሌለ ተበድራችሁ አትስጧት። ከመደርደሪያው የመጣውን ባቄላ ስትቀቅሉ ከየት እንደ መጣ ደብቃችሁ አታብሏት፤ ሰው ልኮልን በላን፣ እኛም በተራችን እንልካለን በሏት። በክፍል ፊት ተነሥታ እንድትናገረው ግን አታስገድዷት፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ትከሻ ይህን አይሸከምም። ለክፍሉ ኃላፊ መምህር ራሳችሁ ሄዳችሁ ንገሩት። በዚያ አገር መምህር ከወላጅ ጋር መነጋገር ልማዱ ነው፤ በቋንቋ የተቸገረም አስተርጓሚ ሊጠይቅ ይችላል። ብዙውን ጊዜ መምህሩ ነገሩን ያላስተካከለው የሚነግረው አጥቶ ነው።

ለአጥቢያ ሽማግሌዎቻቸው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን ሲውል በእነርሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ነው። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ከዕረፍት ተመልሶ ተከፍቷል፤ የምግብ ማሰባሰቡም ያለፈ ነገር ሆኗል፤ ብርዱ ግን ገና አልበረደም፤ ቅዳሜ ወደ ምግብ መደርደሪያው የሚሄደውም ሰው አልቀነሰም። ምእመናን ያላቸውን ይዘው ወደዚያ ቢሄዱ፣ ወጣቶቹም ልጆቹም ጣሳውን ለመደርደር አብረዋቸው ቢሄዱ፣ በዚያን ሳምንት ማን ስንት እንዳመጣ የሚጽፍ የለም።