ሳያዩ ማወቅ

የሃይድሮጅን አቶም አስኳል ጋን አክሎ አራት ኪሎ ቢቀመጥ፣ ኤሌክትሮኑን ፍለጋ እስከ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ መኳተን ይኖርብናል፤ መሐሉ ባዶ ነው! እኛ የፊዚክስ ጀማሪዎች ይህን ሸምድደን ፈተና ላይ እንዘረግፋለን። ለመሆኑ ይህ ማወቅ ነው ወይስ ማመን?

አስኳሉን እንደሁ ራዘርፎርድም በዓይኑ አላየው። ስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ከተወረወሩት የአልፋ ቅንጣቶች አብዛኞቹ ሲያልፉ ጥቂቶቹ ነጥረው ስለ ተመለሱ፣ በ1911 እ.ኤ.አ. በአቶሙ መሐል አንዳች ጥቅጥቅ ያለ ነገር መኖሩን ደመደመ። የሰበታ መርሐ ዕውራን ተማሪስ ብሬሉን በጣቱ እየዳሰሰ ያውቅ የለም እንዴ?

ጓዶች፣ አለማየት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው «እንዴት ታወቀ?» ብለው ሳይጠይቁ «ገብቶኛል» ማለት ነው።