ያላወቀና ማወቅ ያልፈለገ



የዛሬው ጉዳዬ የጀመረው ከቧንቧ ነው። የምኖረው ሜክሲኮ አደባባይ ጀርባ፣ እስካሁን ካልፈረሱት አሮጌ ግቢዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ግቢያችን ከድሮ ጀምሮ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጉድጓድ ያለው ሰው ባለጸጋ ነው። ፈረቃው ሲዘገይ ጎረቤት ጀሪካኑን ይዞ ይመጣል፤ እኛም የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች የለቀቁትን ዑስማንን (ረ.ዐ.) እያስታወስን «ቅዱ፣ የአላህ ነው» እንላለን።

በቅርቡ ከቆጣሪው የሚገባው መስመር አፈሰሰና ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ልጁ የዛገውን ብረት ቆርጦ በፕላስቲክ እየተካ አንድ የማላውቀውን ነገር ነገረኝ። ውሃ ሲኖር በቀዳዳው ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ፈረቃው አልፎ ግፊቱ ሲወርድ ግን ያው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። እኔ ስለ ቆጣሪው ሂሳብ ብቻ ነበር የምጨነቀው። ሥራውን ሲጨርስ ከጉድጓዱ እስከ መጸዳጃ ቤቱ በእርምጃ ለካ። ዘጠኝ ሆነ። «ወንድሜ፣ ይህን ውሃ አስመርምራችሁት ታውቃላችሁ?» አለኝ።

አስመርምረነው አናውቅም። አንድ አዛውንት ጎረቤቴን ባማክራቸው፣ «ልጄ፣ ወስዋስ አታብዛ፤ ቀለሙ፣ ጣዕሙ፣ ሽታው አልተለወጠም፤ ጧሂር ነው» አሉኝ። የተናገሩት መሠረት አለው። በእርግጠኝነት የታወቀ ነገር በጥርጣሬ እንደማይነሳ ፈቂሆች አስተምረዋል፤ ብዙ ውሃም ከሦስቱ አንዱ በነጃሳ ካልተለወጠ ለውዱእ ይበቃል። ነገር ግን ይህ መልስ ለጦሃራ ጥያቄ እንጂ ለጤና ጥያቄ የተሰጠ አይደለም። መርዛማ ቅጠል ነጃሳ አይደለም፤ መብላቱ ግን ሐራም ነው። ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ጉድጓድ የሚሰርገው ባክቴሪያ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም እንዳይገኝ ይላል። በስምጥ ሸለቆ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም እንዲሁ በምላስ አይለይም። ዓይን፣ ምላስና አፍንጫ የማይደርሱበት ነገር እንዳለ ካወቅን በኋላ በሦስቱ ብቻ ተማምኖ ሰውን ማጠጣት ይቻላልን?

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ቧንቧ ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ላቦራቶሪ አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ። እውነቱ ግን ውጤቱን መፍራቴ ነበር፤ ጉድጓዱ ቢዘጋ የሰፈሩ ሰው ጀሪካን በገንዘብ ሊገዛ ነው፣ በጎ ስማችንም ሊቀር ነው። በእነዚያ ቀናት ለልጄ የታሸገ ውሃ እየገዛሁ አጠጣሁ። የሦስት ልጆች እናት የሆነችው ጎረቤታችን ከጉድጓዱ ስትቀዳ ግን አጠገቧ ቆሜ ሰላምታ እለዋወጥ ነበር። ለልጄ ሲሆን ጥርጣሬ በቂ ማስረጃ ሆነ፤ ለእሷ ልጆች ሲሆን እርግጠኝነት ጠየቅሁ። አላወቅሁም ነበር ለማለት አፌን ብከፍት ያ የታሸገ ውሃ ይመሰክርብኛል።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ላይ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢሰዱ እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንዳገኘው ተናገረ። ዝናቡን አላመጣም፤ የተወቀሰው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነው። እኔም መጸዳጃ ቤቱን እዚያ አልቆፈርኩም።

«ለድሃ ጉድጓድህ ቆሻሻ ነው ብለህ ብትነግረው ምን ይጠጣ?» የሚል ወዳጅ ገጠመኝ። ከባድ ጥያቄ ነው፤ አላቃልለውም። ሆኖም የነገሩት ሰው ያፈላዋል፣ የውሃ ማከሚያ ይጨምርበታል፣ ለልብስና ለወለል ይለየዋል፤ ያልነገሩት ይጠጣዋል። በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት አዲስ አበባ ሲገባ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ሲባል የሰማን ሁሉ ይህን አንስተውም።

በመጨረሻ ከላቦራቶሪው በተሰጠኝ ንጹሕ ጠርሙስ ቀድቼ፣ በበረዶ አቀዝቅዤ በዕለቱ አደረስኩ። ውጤቱ የተፈራው ሆነ። በማግሥቱ ቤት ለቤት ዞሬ ተናገርኩ። የሦስቱ ልጆች እናት ወረቀቱን ተቀብላ አየችና «መቼ ነው ያወቅከው?» አለችኝ። ወረቀቱ የትናንት ቀን ተጽፎበታል። ትናንት ብል የሚያስተባብለኝ አልነበረም።

«ሁለት ሳምንት ሆነኝ» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ጀሪካኗን ደፍታ ወደ ቤቷ ገባች።