ስለ ታላቅ ቤትና ስለ ትንሽ አልጋ

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ባለጠጋ ቤቱን እጅግ አስጊጦ ሠርቶ ሳለ ራሱ ግን በቀላል ልብስና በጥቂት ምግብ ቢኖር፥ ሰዎች «ይህስ ትሑት ነው» ብለው ያመሰግኑታል። ምስጋናው የሚገባው እንደ ሆነ ከአንተ ጋራ ልመረምር እወዳለሁ። ለዚህም አባቶቻችን መስኮብ ይሉት ከነበረው ከሩሲያ ነገሥታት ቤት የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ዓመቶቹን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፥ በኔቫ ወንዝ ዳር፥ የክረምት ቤተ መንግሥት የሚባል ሕንፃ አለ፤ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል። ራስትሬሊ የሚባል የሕንፃ ሊቅ ከ1754 ጀምሮ ለእቴጌ ኤልሳቤጥ ሠራው፤ እርስዋ ግን ሳይፈጸም ሞተች። ክፍሎቹ ከ1,000 ይበልጣሉ። ቀዳማዊ ኒቆላዎስ ከእነዚህ ሁሉ መካከል በታችኛው ደርብ አንዲት ክፍል መርጦ፥ በዘመቻ አልጋ ላይ የወታደር ካፖርት ደርቦ ይተኛ ነበር። በ1855 የሞተውም በዚያው አልጋ ነው። ይህ ለታይታ የተደረገ አይመስለኝም፤ ሰውየው ከልቡ ወታደር ነበረ።

ነገር ግን በ1837 በታኅሣሥ ወር ቤቱ ተቃጠለ። ንጉሠ ነገሥቱም ሥራው በአንድ ዓመት ያህል እንዲፈጸም አዘዘ፤ በእውነትም በ1839 የትንሣኤ በዓል ታላላቆቹ አዳራሾች ተከፈቱ። ኩስቲን የሚባል ፈረንሳዊ መስፍን በዚያው ዓመት አገሩን ጐብኝቶ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ልስኑ ፈጥኖ እንዲደርቅ ውጭው በረዶ ሆኖ ሳለ ውስጡ በእሳት ይግል እንደ ነበረ፥ ሠራተኞቹም ከሙቀቱ ወደ ብርዱ ሲወጡ ብዙዎቹ እንደ ሞቱ ይናገራል። ኩስቲን የመስኮብን አገዛዝ አይወድም ነበርና የሟቾቹን ቍጥር ከርሱ አልቀበልም። ፍጥነቱ ግን ራሱ ይመሰክራል፤ በዚያ ብርድ አገር ያን የሚያህል ግንብ በአሥራ አምስት ወር ውስጥ በከንቱ አይደርቅም። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ለሠሩት ሰዎች ሜዳይ ተሰጣቸው፤ በላዩም «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል ተቀርጾበት ነበር።

እንግዲህ ልጠይቅህ፤ የጌታው አልጋ ጠባብ መሆኑ በእሳቱ ውስጥ ለቆመው ለሳኙ ምን ረዳው? «ቤቱ የመንግሥት ክብር ነው እንጂ የንጉሡ ምቾት አይደለም» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የታላቅ መንግሥት እንግዳ በጎጆ አይቀበሉትም። ሆኖም ቤቱ የመንግሥት ቢሆን፥ ችኰላው የንጉሡ ነበረ። ሰው ከራሱ ምቾት የሚቀንሰው ለራሱ ነፍስ ይጠቅም ይሆናል፤ ከሌላው ሰው ጕልበት የወሰደውን ግን አይከፍልለትም።

የልጅ ልጁ ሣልሳዊ እስክንድርም፥ አባቱ በ1881 በቦምብ ከተገደለ በኋላ፥ በጋቺና ቤተ መንግሥት ሰፊ አዳራሽ ሞልቶለት ጣራቸው ዝቅ ያለ ክፍሎች መረጠ፤ ቁመቱም ረጅም ነበረ! በዚያ ያኖረው ግን ፍርሃትም ጭምር ስለ ሆነ እርሱን እተወዋለሁ።

የሚከብደው የልጁ የዳግማዊ ኒቆላዎስ ነገር ነው። እርሱ ሚስቱንና ልጆቹን የሚወድ፥ ጸጥታን የሚፈልግ ሰው ነበረ፤ የክረምቱን ቤተ መንግሥት ትቶ ከከተማው ውጭ በጻርስኮዬ ሴሎ ይቀመጥ ጀመር። በዚህ ማን ይነቅፈዋል? ነገር ግን ታላቅ ቤት ባለቤቱ ቢተወውም፥ «አቤት የሚባልለት በዚህ አለ» ብሎ ለሚያየው ሁሉ መናገሩን አይተውም። በጥር 1905 በአንድ እሑድ፥ ብዙ ሺህ ሠራተኞች ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋራ ሥዕለ ቅዱሳንንና የንጉሡን ሥዕል ይዘው፥ ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራ ሰዓታቸው አቤቱታ ሊያቀርቡ ወደዚያ ቤት ሄዱ። ቤቱን አምነው ነበርና። ንጉሡ በውስጡ አልነበረም፤ ወታደሮች ግን ነበሩ፥ ተኰሱባቸውም። ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ።

ንጉሡ ልቡ ደንዳና አልነበረም። በዚያ ቀን በማስታወሻው ቀኑ ከባድ እንደ ነበረ ጻፈ፤ በዚያው ገጽ ላይ ደግሞ እናቱ ከከተማ እንደ መጣች፥ ከቤተ ሰቡ ጋራ ምሳ እንደ በላ፥ ከወንድሙም ጋራ በእግር እንደ ተዘዋወረ ጻፈ።