ራስ ሳይጠና ጉተና

ልጄ፣ ለጥምቀት እንደ ጥንቱ ሹሩባ ልሠራ፣ ያውም በቤቴ ማለትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ጸጉሩም እንዲሁ ነው። ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»ና የከተራ ዕለት ጠዋት ልሥራ ብለሽ እንዳትነሺ።

ጥር 8 ማታ ለጋ ቅቤ ተቀቢ። የወጥ ቅቤ አላልኩም፤ ያልተነጠረ፣ ቅመም ያልነካው። የራስ ቆዳሽን በጣትሽ እያሸሽ አዳርሺው፣ በሻሽ ጠቅልለሽ እደሪበት፣ በማግስቱ ለብ ባለ ውኃ ታጠቢው። በእኛ ጊዜ ቅቤው ፀሐይ ላይ እየቀለጠ አንገት ላይ ሲወርድ ነበር ውበቱ፤ ዛሬ ግን አጠገብሽ ለሚቆመው ሰው ማዘን ነው። ስታበጥሪ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር ውጪ፤ የሚዶው ጥርስም ሰፋ ያለ ይሁን።

መስመሩ ከግንባር እስከ ማጅራት ቀጥ ካላለ ሹሩባው የቱንም ያህል ቢቀጥን አያምርም። መሐል አናት መጀመሪያ ይከፈል፣ ግራና ቀኙ ከዚያ ይከተላል። ከሥር ጥቂት ጥቂት ጸጉር እያነሡ፣ እየጨመሩ ወደ ኋላ መጎንጎን ነው። ማጅራት ሲደርስ የቀረው ይለቀቃል። የተለቀቀው ጎፈር እንዲል ርጥበቱ ሳይጠፋ ወፈር ወፈር አድርገሽ ጎንጉነሽው እደሪ፤ የከተራ ጠዋት ፍቺው። ካስክም ቢጎዲንም አያሻሽም። የኋላሽን በራስሽ እጅ አትችዪውም፣ እህትሽ ትሥራልሽ፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ነውና አስቀድማ እጇን በሌላ ራስ ታፍታታ።

«አጥብቂልኝ፣ ይቆይልኛል» የሚሉትን ነገር ግን ተዪ። ቅንድብሽን ማንሣት ካቃተሽ፣ የግንባርሽ ጠርዝ ላይ ሽፍታ ነገር ከወጣ፣ እሱ ሹሩባ ሳይሆን ቅጣት ነው፤ ወዲያው አስፈቺው። ሲጎተት የኖረ ሥር ይሞታል፤ የሞተውን ደግሞ ቅቤ አያስነሣውም። ግንባራቸው ወደ ኋላ የሸሸባቸውን ሴቶች ታውቂያለሽ፣ ስም አልጠራም። ሂዩማን ሄር ቀጥዪበት የሚሉሽም አይጠፉም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ያው ሥርሽ ነው። «ራስ ሳይጠና ጉተና»!

ወንድምሽ እኔም ልሠራ ካለ አትሳቁበት። አፄ ቴዎድሮስም ባለ ሹሩባ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ እንግሊዞች ቆርጠው የወሰዱት ጸጉራቸው ለንደን ሙዚየም ውስጥ ከርሞ ለአገሩ የበቃው በ2011 ዓ.ም. ነው። ድሮ የሚያጎፍረው ጀግና ነበር፤ ሌላውን «ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይሉታል። የእኛው ልጅ ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም፤ ይሁን፣ ይሠራ።

ማታ ማታ ሻሽ አስረሽ ተኚ፤ ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላም አታቆዪው። ስትፈቺ ከጫፍ ነው፣ መቀስ አታስጠጊ። ጸጉር በእጅሽ ሙሉ ቢወጣ አትደንግጪ፤ በየቀኑ ሊረግፍ የነበረው ተጠራቅሞ ነው።