የተቆራረጠ ጊዜና የልብ ሥራ

ሐሳብ የሚወለደው ከጸጥታ ነው፥ ጸጥታም የሚገኘው ከሰው በመለየት ነው የሚለው ትምህርት በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን በኑሮው ያውቀዋል። ተማሪው ከእናት ከአባቱ ቤት ተለይቶ ዋድላ ወይም ጎንጂ ወይም ዋሸራ ይወርዳል፤ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቦ ይኖራል፤ በቆጠራም ሰዓት ከጓደኞቹ ርቆ ከዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት ሰው ቢያናግረው የያዘው ቤት ይጠፋበታል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ሰምና ወርቋ እስኪስማሙ ድረስ ብዙ ታደክማለች፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ሲሆንማ ቀኑ በላዩ ይመሻል። ከዚህም የተነሣ እኛ የቤተ ክህነት ሰዎች፥ ጊዜው በየመካከሉ የሚቆረጥበት ሰው የእጅ ሥራ ይሠራ ይሆናል እንጂ የልብ ሥራ አይሆንለትም ብለን እንፈርዳለን። የከተማውም ምሁር በሩን ዘግቶ ከመጽሐፉ ጋር መቀመጥን የለመደ ስለ ሆነ በዚህ ነገር አይቃወመንም።

ይህ ፍርድ እውነት ነውን? እውነትስ ቢሆን በማን ላይ ይወድቃል? ነገሩን በባዶ ቃል እንዳንመረምረው በአዲስ አበባ የምትኖር አንዲት ዳንቴል ሠሪ እናስብ። ባልና ሦስት ልጆች አሏት። የምትሠራውም የሌላውን አብነት እየገለበጠች አይደለም፤ አብነቱን ራሷ ታወጣለች፥ ሌሎችም ሴቶች ከእርሷ ወስደው ይሠሩታል። አንባቢ እንዲህ ያለችውን ሴት በሰፈሩ ቢፈልግ አያጣትም።

ዳንቴልን በቤቱ ያላየ የከተማ ሰው አይገኝም። በጠረጴዛው ላይ፥ በወንበሩ መደገፊያ ላይ፥ በቴሌቪዥኑ ላይ ተዘርግቶ ሁልጊዜ ስለምናየው፥ እንዴት እንደ ተሠራ ለመጠየቅ አንነሣም። ሥራው ኪሮሽ በምትባል ጫፏ በተቆለመመች መርፌና በአንድ ክር ይፈጸማል፤ በአንዱ ቀለበት ውስጥ ሌላ ቀለበት እየተሳበ ይሄዳል። ከመካከል ተነሥቶ ክብ እየሆነ የሚሰፋውን ሥራ እንውሰድ። በአጭሩ አጠላለፍ ሲሠራ በመጀመሪያው ዙር 6 ቀለበት ቢኖር፥ በሁለተኛው 12፥ በሦስተኛው 18 እየሆነ፥ በየዙሩ 6 እየተጨመረ፥ በዐሥረኛው ዙር 60 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ሥራው እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይተኛል። ጭማሪው ያነሰ እንደ ሆነ ዳሩ ይነሣና እንደ ቆብ ይጎደጉዳል፤ የበዛም እንደ ሆነ ዳሩ ይሸበሸባል። አብነት አውጪዋ በዚህ ቁጥር ላይ አበባውን፥ ቅጠሉን፥ መስቀሉን ልታሳርፍ ይገባታል፤ አንዱ ቅጠል ከሌላው ሳይበልጥ፥ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር እንዲገጥም አስቀድማ በልቧ ታሰላለች። በአራተኛው ዙር የሳተችው ምናልባት የሚታወቃት በዐሥራ ሁለተኛው ዙር ነው፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ መተርተር ብቻ ነው። እኛም ቅኔ ማውጣትን ቆጠራ ብለን መጥራታችንን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ይህ የልብ ሥራ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር አንድ ነገር ልንገረው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዳይና ታይሚና የተባለች የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ፥ ሃይፐርቦሊክ የሚሉትን የሒሳብ ገጽ በኪሮሽ ሠርታ በእጅ የሚዳሰስ አደረገችው። ከዚያ በፊት ለማስተማሪያ የሚሠራው ከወረቀት ቁራጭ እየተቀጣጠለ ነበር፤ ወረቀቱም ሲነካካ ይበላሽ ነበር። የእርሷ ብልሃት በተወሰነ ቁጥር ቀለበት ላይ ሁልጊዜ አንድ መጨመር ነው፤ ይኸውም ከላይ ዳሩን ይሸበሽበዋል ያልነው ስሕተት በሥርዓትና በልክ ሲደረግ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ከመቶ ዓመት በላይ በቃልና በቁጥር የተከራከሩበት ነገር እነሆ በክር ኳስ ውስጥ ተገኘ።

ወደ አዲስ አበባዋ ሴት እንመለስ። ጥዋት 12 ሰዓት ተነሥታ ቁርስ ታቀርባለች፤ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ታሰናዳለች፤ ከዚያም ቤት መጥረግ፥ ወጥ መሥራት፥ ልብስ ማጠብ፥ የታመመ ጎረቤት መጠየቅ፥ ለቅሶ መድረስ፥ ማኅበር ሲደርሳት መደገስ አለ። ኪሮሽዋን የምትይዘው በእነዚህ ሁሉ መካከል ነው፤ ቡናው እስኪፈላ፥ በጤና ጣቢያ ወረፋዋ እስኪደርስ፥ ልጁ የቤት ሥራውን እስኪጨርስ። ሹራብ ለሚሠራ ሰው ብዙ ቀለበት በመርፌው ላይ ተሰክቶ ይቆያል፤ መርፌው ሾልኮ ቢወጣ ሁሉም ሊፈታ ይዘጋጃል። በኪሮሽ ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ የተከፈተው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕፃን ሲያለቅስ ወይም ወጥ ሲገነፍል ሥራውን ጥላ ብትነሣ፥ ተመልሳም ብትመጣ፥ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ለተቆራረጠ ጊዜ የታሰበ ሥራ ቢኖር ይህ ነው።

በታሪክም ምስክር አለው። በአየርላንድ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ የድንቹ ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በረኃብና በተስቦ አለቀ። በ1847 ዓ.ም. ክሎንስ በምትባል ከተማ የቄሱ ሚስት ካሳንድራ ሃንድ ለድኾች ሴቶች የዳንቴል ትምህርት አስጀመረች። ሴቶቹ በየጎጆአቸው፥ ከምድጃው አጠገብ፥ ከልጆቻቸው መካከል ሆነው ጽጌረዳውንና በአገራቸው የሚከበረውን ባለ ሦስት ቅጠል ሣር በክር ይሠሩ ነበር፤ ዋጋውም ለብዙ ቤት እህል ሆነ። አብነቱን የሚያወጣ ከከተማ የመጣ ሊቅ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያው ከጭስ ውስጥ አዲስ አበባና አዲስ ቅጠል ይወጣ ነበር። እንግዲህ በተቆራረጠ ጊዜ የልብ ሥራ አይሠራም የሚለው ፍርዳችን እንደ ተነገረው ሊጸና አይችልም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ፥ ችግርና ሁከት ለብልሃት ይጠቅማል የሚል ቢኖር እርሱም ስቷል። እነዚያ ሴቶች የሠሩት በረኃቡ ምክንያት ተገደው ነው፤ ረኃቡ ግን አንዲት ቅጠል እንኳ አላስተማራቸውም።

ደግሞም ሁሉ ነገር በቁራጭ ጊዜ አይሆንም። አንዱ አበባ ይሆናል፤ አንዱ ዳር ይሆናል። የአንድ ሙሉ የአልጋ ልብስ አብነት ግን፥ መካከሉ ከማዕዘኑ፥ ማዕዘኑም ከዳሩ ጋር እንዴት እንደሚገጥም በአንድ ጊዜ በልብ ካልታየ አይወጣም። ለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያልተነካ ጊዜ ያስፈልጋል። ዳንቴል ሠሪዋ ይህን ጊዜ የምታገኘው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው፤ ቁጥሩንም በልጇ አሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ እየጻፈች ታኖረዋለች፤ ነገ ከልቧ እንደሚያስወጡባት ታውቃለችና።

ከአባቶች መነኮሳት የሕይወት ዜና አንድ ነገር እናስታውስ። እንጦንስ በበረሃ ሐሳቡ ተበታትኖ ባዘነ ጊዜ፥ አንዱ ተቀምጦ ሲታታ፥ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ዳግመኛ ተቀምጦ ሲሠራ አየ፤ መልአክ ነበረ። እንግዲህ ጊዜን መቁረጥ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ታላቁ የመነኮሳት አባት ራሱ በሥራና በጸሎት የተቆረጠ ቀን ተሰጥቶታል። የሚለየው የሚቆርጠው እጅ የማን መሆኑ ነው። መነኩሴው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ደወሉን የሚሰማው ለደወሉ አስቀድሞ ፈቃዱን ስለ ሰጠ ነው። ዳንቴል ሠሪዋ ግን፥ እማዬ ሸሚዜ የት አለ ሲሏት፥ ውኃ አምጪ ሲሏት፥ እንግዳ መጣ ሲሏት፥ አንድም ሰው ቀለበቷን ትጨርስ እንደ ሆነ አይጠይቃትም።

አንድ ካህን እንዲህ ብሎ ሊመልስልኝ ይችላል፤ ፈቃድን መቁረጥ የትሩፋት መጀመሪያ ነው፤ ይህች ሴት በቤቷ ሆና የመነኩሴን ሥራ ትሠራለች፤ ስለዚህ ልናመሰግናት እንጂ ልናዝንላት አይገባም። ቃሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከምስጋናው የሚጠቀመው አመስጋኙ መሆኑን እንመልከት። ፈቃድን መቁረጥ ራሱ ባለቤቱ የሚያቀርበው መሥዋዕት ነው፤ ሌላው ከእጁ ቀምቶ ቢያቀርብለት መሥዋዕት አይባልም። ደግሞም የጳኩሚስ ሥርዓት በማኅበር የሚኖሩትን መነኮሳት ለሥራ ሰዓት፥ ለጸሎት ሰዓት፥ ለዝምታም ሰዓት ለይቶ ሰጥቷቸዋል። የአንዲት የቤት እመቤት የዝምታ ሰዓት በየትኛው ሥርዓት ተጽፎአል?

እኛ ቅኔ የተማርን ሰዎች በዚህ ነገር ላይ ዝም ልንል የማንችልበት ምክንያት አለ። ከላይ የተናገርኩለት ተማሪ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚቆጥረው በልቶ ነው። የሚበላውም በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ከየደጁ የለመነውን ቁራሽ ነው። በዚያ ደጅ ውስጥ የነበረችው ሴት እንዝርቷን አስቀምጣ ወይም ከምጣዱ ተነሥታ ነው የሰጠችው። የእርሱ ቀን ሙሉ የሆነው የእርሷ ቀን ስለ ተቆረጠ ነው። በየገዳሙና በየጉባኤው ስማቸው የሚጠራ ሊቃውንት በእንደዚህ ያለ ቁራሽ ያደጉ ናቸው፤ የሰጪዎቹ ስም ግን አልተጻፈም። እንግዲህ ጸጥታ የሐሳብ እናት ናት የምንል ከሆነ፥ ይህችን ጸጥታ ማን እንደ ከፈለባት መጠየቅ አለብን፤ ካልጠየቅን ባለ ዕዳ ሆነን ባለ ዕዳነታችንን እንክዳለን።

ስለ ክረምት አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ልዩ ወቅት ነውና። ቤተ ክርስቲያን ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ ዘመነ ክረምት ብላ ትቆጥራለች። ለምሁሩ ይህ የንባብ ጊዜ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፥ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፥ ሰው የገዛውን መጽሐፍ ሁሉ ለክረምት ያቆየዋል። ለእናት ግን ልጆቹ ሁሉ ከቤት የሚውሉበት፥ ልብሱ የማይደርቅበት ጊዜ ነው። ዳንቴል ሠሪዋም ማንበብ ትወዳለች። ነገር ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ደረሰባት። ኪሮሽ ይዛ ስትቀመጥ ሥራ ላይ ነች ተብላ ጥቂት ትታለፋለች፤ መጽሐፍ ይዛ ስትቀመጥ ግን ሥራ ፈትታለች ተብላ በየደቂቃው ትላካለች። የቤቱ ሰዎች የሚያዩት እጅን ነው፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ሰውን ይፈሩታል፥ ዓይን ብቻ ሲንቀሳቀስ ግን አይፈሩትም። እኛ ስለ መጽሐፍ ክብር ብዙ በምንናገርበት አገር ይህ መሆኑ ሊያሳፍረን ይገባል። ባል ጋዜጣ ሲያነብ ልጆቹን ዝም በሉ ትላቸዋለች እርሷው ራሷ።

እርሷም ዘዴ አገኘች። ታላቂቱ ልጅዋ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጥሩ አንባቢ ናት። ከምሳ በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፥ ልጅቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፥ እናቲቱም ኪሮሽዋን ይዛ ትሰማለች። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ መልአኩ ገብርኤልም ወደ እመቤታችን በመጣ ጊዜ ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነበረ ተብሎ በእኛ ዘንድ ይነገራል፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ጆሮ ለታላቅ ነገር ሊከፈት ይችላል። ቢሆንም ንባብን በክር ሸፍኖ ማሳለፍ የሚያስፈልግበት ቤት ገና ያልታረመ ቤት ነው እላለሁ።

ባለፈው ክረምት ያነበቡት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ፍቅር እስከ መቃብርን ነው። መጽሐፉ ትልቅ ነው፥ ማዳመጡም የሚሆነው ታናናሾቹ ሲተኙ ብቻ ነበረ፤ ስለዚህ ሳያልቅ መስከረም ጠባ፥ ልጅቱም ትምህርት ቤት ገባች። አሁን መጽሐፉ ከክሩ ጋር በቅርጫት ውስጥ አለ፤ የደረሱበትን ገጽ ለማስታወቅ አንድ ነጭ ክር በመካከሉ ተደርጎበታል። የቤቱ አባወራም ማንበብ የሚያውቅ ሰው ነው።