ወረፋ የማይጠብቅ ሴል

እስቲ አንዲት የፉሪ እናት በሐሳባችን እናምጣ። ወይዘሮ እከሊት እንበላቸው። ውስጥ እግራቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣ። መጀመሪያ እሾህ የወጋቸው መሰላቸው፤ ቀጥሎ ኪንታሮት ነው ተባለ፤ ጎረቤት የሚያውቀውን ቅጠል አመጣ፤ ጠበልም ተሞከረ። ነጥቡ ግን እየሰፋ፣ እየቆሰለ ሄደ። በመጨረሻ ልጃቸው ደግፎ ታክሲ ላይ አወጣቸውና ሐኪም ዘንድ ደረሱ። ሐኪሙ ቆርጦ ለምርመራ ላከው። መልሱ «ሜላኖማ» የሚል ሆነ።

የቆዳ ካንሰር ሲባል ብዙዎቻችን የፈረንጅ በሽታ ይመስለናል። እርግጥ ነው፣ ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ይከልላል። ሜላኖማ ጥቁር ሰው ላይ ሲመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ፀሐይ የማያገኘውን ቦታ ነው፤ ውስጥ እግርን፣ መዳፍን፣ የጥፍር ሥርን። እ.ኤ.አ. በ2005 ስድሳኛ ዓመት ልደቱን መስቀል አደባባይ ያከበርንለት ቦብ ማርሌይ፣ በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግር ጣቱ በተነሣ ሜላኖማ ነው።

ዋናው ሕክምና ቆርጦ ማውጣት ነው። ጨረር የሚታሰበው ተቆርጦ የማያልቅ ሲሆን ወይም በሽታው ወደ ሌላ አካል ሲዘልቅ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ከወይዘሮ እከሊት እግር ከተቆረጠው ሥጋ አንዲት ቅንጣት፣ አገር ውስጥም ይሁን ባሕር ማዶ፣ ላቦራቶሪ ገባች እንበል። ሴሎቹ በሣህን ላይ ምግብ ይሰጣቸዋል፤ ሙቀታቸው እንደ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ይደረጋል፤ ከዚያ ተለክቶ ጨረር ይለቀቅባቸዋል። ጨረሩ ዲኤንኤአቸውን ይበጥሳል። አንዱ ፈትል ብቻ ከተበጠሰ ሴሉ ይጠግነዋል፤ ሁለቱም አብረው ሲበጠሱ ነው የሚቸገረው። የሜላኖማ ሴሎች ከድሮ ጀምሮ እልኸኛ እየተባሉ ነው የኖሩት። ብዙዎቹ ትንሽ ትንሽ ጨረር ሲሰጣቸው ጉዳታቸውን ቶሎ ስለሚጠግኑ፣ ሐኪሞች አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ከፍ ያለ መጠን መስጠትን ይመርጣሉ።

ከዚያ ተመራማሪው ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቆ ይቆጥራል። ከአንድ ሴል ቢያንስ ሃምሳ ከተራቡ፣ ያ ሴል በሕይወት አለ ይባላል። እዚያው ሣህኑ ላይ ተቀምጦ፣ ምግቡን እየበላ መራባት ያቃተው ግን እንደ ሞተ ነው የሚቆጠረው። (በዚህ ሒሳብ ሰውን ብንቆጥር ስንቱ መነኩሴ ሙት በሆነ!) ለካንሰር ግን ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የሚገድለን መራባቱ ነውና።

የሰው ሴል በጨረር ሲመታ ምን እንደሚሆን በዚህ ዓይነት ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የለኩት ፐክና ማርከስ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1956። ሴሎቹ የማን ነበሩ? የሄንሪየታ ላክስ። የአምስት ልጆች እናት የሆነች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1951፣ በ30 ዓመቷ፣ በማሕፀን በር ካንሰር ታማ ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ ራዲየሙን ከማስቀመጡ በፊት ከዕጢዋ ቆንጥሮ ወሰደ፤ እሷን ግን የጠየቃት የለም። ራዲየሙ አላዳናትም፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ላይ ሞተች። ሴሎቿ ግን አልሞቱም። ቤተሰቧ ይህንን የሰማው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በሴሎቿ አትርፏል ብለው የከሰሱት ቴርሞ ፊሸር የተባለው ኩባንያ ከወራሾቿ ጋር የተስማማው ደግሞ በ2023 ነው።

«ተቆርጦ የሚጣል ነገር፣ ምን ያከራክራል?» የሚል አለ። ለነገሩ እኛ ዘንድ ከገላ የተለየ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። እናቶቻችን እንግዴ ልጅ የሚቀብሩት ዋጋ ስለሚያወጣ አይደለም፤ የሰው ስለነበረ ነው። «ለሰው ልጅ ሁሉ የሚጠቅም ዕውቀት በአንዲት ሴት ፈቃድ ይታገዳል ወይ?» የሚለው ክርክር ይከብዳል። እኔ ግን የማያሳምነኝ ከዚህ በኋላ ባለው ነገር ነው። የሰው ልጅ ሁሉ ሲባል ወይዘሮ እከሊት አሉበት? ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ለመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ማለት ነው። ወረፋው በወራት የሚቆጠር ነበር፤ ዕጢ ደግሞ ወረፋ አያከብርም፤ በመጡበት ቀን ሊድን ይችል የነበረው፣ ተራቸው ሲደርስ ማስታገሻ ብቻ የሚገባው ይሆናል። ከዚያ ወዲህ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም አገልግሎቱ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። ሣህኑ ላይ ያለው ሴል ግን ወረፋ የሚባል ነገር አያውቅም። በታቀደለት ቀንና ሰዓት ጨረሩ ይደርሰዋል። ባለቤቲቱ ሳትታከም ሥጋዋ የታከመበት ጊዜ መኖሩ ነው የሚከነክነኝ።

ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል ስል ፎርም ማስፈረም ማለቴ አይደለም። ሕመም ላይ ያለ፣ ሐኪሙን የሚፈራ ሰው የማይፈርመው ወረቀት የለም። ምን እንደሚደረግበት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ እምቢ ቢል ሕክምናው እንደማይጓደልበት ይወቅ፤ ጥናቱ የሚያስገኘው ነገር ወደሱ ወረፋ የሚመለስበት መንገድ ይታሰብ።

ወይዘሮ እከሊት ቢጠየቁ እሺ የሚሉ ይመስለኛል። «ለሌላው ከጠቀመ ውሰዱት» ይላሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ለቀጠሮ ሲመጡ መጠየቃቸው አይቀርም፤ «እዚያ የወሰዳችሁት ነገር፣ በጨረሩ ሞተላችሁ?» ፎርሙ ላይ ይህንን የሚመልስላቸው ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ የለም።